መርፌው ስምንት ላይ ሲደርስ

አቶ ከፋለ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል፤ የለም፣ በሕመም የቀሩበት ዓመት ሲቀነስ ሠላሳ ሦስት ነው። ከመቀሌ በስተምሥራቅ ያለው የጨው ሜዳ ከባሕር ወለል በታች መሆኑን በየዓመቱ ለተማሪ ሲነግሩ ኖረው፣ ሜዳውን ግን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ጡረታ ከወጡ በኋላ ልጃቸው በትንሽ አውሮፕላን የደርሶ መልስ ትኬት ቆረጠችላቸው።

በመቀሌ አውሮፕላን ማረፊያ ትኬታቸውን የተቀበለቻቸው ፍሬወይኒ የምትባል ሠራተኛ ነበረች።

«አቦይ መምህር፣ የዛሬው የፈተና በረራ ነው» አለቻቸው። «እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። አብራሪዎች አልፎ አልፎ መንገደኛ ይዘው ይፈተናሉ። የወደቀ ከእንግዲህ በዚህ መስመር አያበርም።»

«እኔን ነው ፈተና የሚያስደነግጠኝ?» አሉ አቶ ከፋለ።

ማን እንደሚፈተን መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ከአውሮፕላኑ አጠገብ ከቆሙት ሁለት አብራሪዎች ካፒቴን ጎደፋ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ትከሻቸው ላይ አራት ወርቃማ መስመር የተሰለፈ ሰው ናቸው። አብራቸው የቆመችው ትምኒት ግን ሠላሳ እንኳ አይሞላትም። በዚያው ጠዋት ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ለብርዱ ሹራብ ደርባ፣ ደብተሯን በደረቷ አቅፋ ቆማለች። ደብተር ያቀፈ ሰው ተማሪ መሆኑን አቶ ከፋለ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሴት ልጅ አውሮፕላን ማብረሯን አይቃወሙም፤ ይህን በስብሰባ ላይ ሳይቀር ተናግረዋል። ግን መጀመሪያ ታጥና።

ካፒቴኑ በሩን ከፍተው «ይግቡ፣ ወይዘሪት ትምኒት» አሏት።

አቶ ከፋለ ተገረሙ። እርሳቸው ተማሪን «አንተ» እና «አንቺ» ከማለት አልፈው አያውቁም። የድሮ ሰው ጨዋነት ሌላ ነው አሉ በልባቸው።

ካፒቴኑና ልጅቱ ከፊት፣ አቶ ከፋለ ብቻቸውን ከኋላ ተቀመጡ። የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ከክንፉ ሥር ሲያልፍ ልጅቱ ጥያቄ ጀመረች።

«ካፒቴን፣ መሬት ላይ ሳለን የከፍታ መለኪያው ስንት ይል ነበር?»

«ሰባት ሺህ አራት መቶ ጫማ። የከተማው ከፍታ ነው።»

«የምናርፍበት ቦታስ?»

«ከባሕር ወለል በታች ሦስት መቶ ሰባ ጫማ።»

«የዚያን አካባቢ የአየር ግፊት በሬዲዮ ተቀበልን?»

«ገና ነው» አሉ ካፒቴኑ። ከዚያ ሬዲዮውን አነሡ፣ ቁጥሩን ተቀበሉ፣ የመለኪያውን ቁልፍ በጣታቸው አዙረው አስተካከሉ። ልጅቱ አንድ ነገር ጻፈች።

አቶ ከፋለ አዘኑ። ይህች ልጅ ምንም አታውቅም ማለት ነው። የማታውቀውን ሁሉ ፈታኙን እየጠየቀች መልሱን ትገለብጣለች። እንዲህ ያለ ድፍረት በሠላሳ አራት፣ ማለትም በሠላሳ ሦስት ዓመት አላጋጠማቸውም። ካፒቴኑ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። የቆላው ሙቀት መሆን አለበት፤ አውሮፕላኑ ግን ገና ከደጋው በላይ ነበር።

ተራራው አልቆ ሜዳው ተገለጠ። ዛፍ የለው፣ ቤት የለው፣ ጥላ የለው፤ ነጭ ብቻ ነው። ቅርብ ይሁን ሩቅ ዓይን አይለየውም። አውሮፕላኑ ቁልቁል ሄደ።

መለኪያው የግድግዳ ሰዓት ይመስላል። ዙሪያውን ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ተጽፎበታል፤ ረጅሙ መርፌ መቶዎችን፣ አጭሩ ሺዎችን ይቈጥራል። ረጅሙ መርፌ ወደ ኋላ እየዞረ ዜሮን አለፈ፣ ዘጠኝን አለፈ፣ ስምንት ላይ ደረሰ።

«ስንት ይላል ካፒቴን?»

«ስምንት መቶ ጫማ። ገና ብዙ ይቀረናል።»

አቶ ከፋለ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ስምንት መቶ ነው።

«አጭሩ መርፌስ?»

«አጭሩን ይተዉት ወይዘሪት። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ያረፍኩት በረጅሙ ነው።»

«ስምንት መቶ ከምን በላይ?»

የአቶ ከፋለ ትዕግሥት አለቀ። «አንቺ ልጅ፣ ሰውየውን አታድክሚያቸው። ከባሕር ወለል በላይ ነዋ። ይህን እኮ ሰባተኛ ክፍል ነው የምናስተምረው።»

ልጅቱ ዞር ብላም አላየቻቸው። «ለእኔ ይልቀቁት» አለችና መሪውን ወደ ራሷ ሳበች።

ሞተሩ ጮኸ። የአቶ ከፋለ ባርኔጣ ወደ ኋላ ወደቀ። በመስኮቱ በኩል የጨው ቅርፊቱ ስንጥቅ አንድ በአንድ የሚቈጠር ሆኖ ታያቸው፤ የግመል ኮቴ ያረፈበት እንኳ ይለያል። ከዚያ ሁሉም ወደ ታች ራቀ። ልጅቱ አንድ ጊዜ ዞራ ተመለሰችና አውሮፕላኑን ራሷ አሳረፈችው። መንኰራኵሩ መሬት መንካቱ አልተሰማም።

አውሮፕላኑ ከቆመ በኋላ ረጅሙ መርፌ ከስድስት ትንሽ አለፍ ብሎ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጦ ስድስት መቶ ሠላሳ ጫማ። ባታንገጫግጨው ኖሮ መለኪያው ባልተበላሸ ነበር አሉ አቶ ከፋለ ለራሳቸው።

ባርኔጣቸውን አንሥተው ወረዱና ካፒቴኑን በክንዳቸው ይዘው ፈቀቅ አደረጓቸው።

«ካፒቴን፣ በሥራዎ መግባቴ አይደለም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግን እኔም አስተማሪ ነኝ፤ ያለ ቦታው መራራት ተማሪን ያበላሻል። ከፈታኙ እጅ መሪ የምትነጥቅ ልጅ ማለፍ የለባትም። ምስክር ካስፈለገ እፈርማለሁ።»

ካፒቴን ጎደፋ አቀርቅረው የጫማቸውን ጨው ያዩ ነበር።

ትምኒት ከአውሮፕላኑ ወርዳ ወደ እነርሱ መጣች።

«ካፒቴን ጎደፋ፣ አዝናለሁ፤ ፈተናውን ወድቀዋል» አለች። «መርፌው ወደ ኋላ ዜሮን አልፎ ስምንት ላይ ሲደርስ ከባሕር ወለል በታች ሁለት መቶ ጫማ ማለት ነበር፤ ከጨዉ በላይ የቀረን መቶ ሰባ ብቻ ነው። ስንመለስ የማበርረው እኔ ነኝ።»