የእናቷ ቀይ ጫማ

ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ! አንዱ ሰካራም ዘፋኙን ደልበርትን ልምታ ብሎ የወረወረው ጠርሙስ፣ ከመድረኩ ፊት ለመከላከያ በተወጠረው የዶሮ ቤት ሽቦ ነጥሮ የገዛ ባርኔጣውን ጠፍጥፎለታል። ኦፓል በር ላይ ሆዷን ይዛ ትንፈራፈራለች። ቆዩ፣ ይሄ ምኑ ተነካ! ዋናው ገና ነው።

ከሉፍኪን ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ጭፈራ ቤት የደልበርት ነው፤ በሩ ደግሞ የእህቱ የኦፓል። ቴክሳስን ያንቀጠቀጠ ወንድ ቢሆን ሽጉጡን ሳያስረክባት አያልፍም።

«ና ወዲህ አንተ ቀጮ! የወገብህን አምጣ!»

«እትዬ ኦፓል፣ ቀበቶዬ ነው እኮ።»

«ቀበቶ ቃታ አለው እንዴ? አውጣ!»

ያን ቅዳሜ ከሰዓት ግን፣ እሷ ስትስቅ አንድ ሰው ሳይፈተሽ ሾልኮ ገባ። ሽማግሌ ነው፤ አራተኛ ቅዳሜው። ውሃ ብቻ ይጠጣል፣ አንድ ዘፈን ብቻ ይጠይቃል። ዛሬ እጁ ከካፖርቱ ኪስ አልወጣም።

ኦፓል ከበሩ ተነስታ ዓይኗን ተከለችበት።

ወንድሟን ታውቀዋለቻ! በመኪና እንኳ እሷ ናት የምታመላልሰው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ዓይኔ ደክሟል፣ አልነዳም» ይላታል፤ ከመድረክ ሆኖ ግን በር ላይ የቆመች የሰው ሚስት ቅንድብ ይለያል። አንድ ቀን አንዱ ባል እንደሚደፋው ታውቃለች። እናታቸው ስትሞት አደራ ያለቻት ደግሞ እሱን ነው፤ ሌላ ማን አላት?

ደልበርት ዓይኑን ጨፍኖ ያቺን ዘፈን ጀመረ። መኪና ገጭቶ ጥሏት ስለሄደ ልጃገረድ ናት፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በአንድ ጀንበር የገጠማት። ከዚያ በፊት ለሰርግ እንኳ የሚጠራው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ በየሬዲዮኑ እሱ! ጭፈራ ቤቱንም የተከለችለት ይህቺው ዘፈን ናት።

«የእናቷን ቀይ ጫማ ጋዜጣ ጠቅጥቃ፣
ከመንገድ ዳር ቀረች ብቻዋን ወዳድቃ...»

ሽማግሌው ተነሳ። ወደ ሽቦው ቀረበ። ኦፓል ወንበር ገለባብጣ ደርሳ ክንዱን ጠመዘዘችው።

«የማን ባል ነህ አንተ? ወንድሜን ልትገድልብኝ?»

«ባል አይደለሁም እመቤቴ። አባቷ ነኝ።»

ጊታሩ ቀጥ አለ። ሽማግሌው መዳፉን ዘረጋ። ሽጉጥ የለም፤ የተጨመደደ፣ የወየበ ጋዜጣ ነው። የእግር ጣቶች ቅርጽ እስካሁን አልለቀቀውም።

ኦፓል እፎይ አለች።

«አይ አባባ! እሱ እኮ ወሬዋን ሰምቶ፣ አዝኖላት ነው የገጠመላት።»

ሽማግሌው እሷን አላየም። በሽቦው ውስጥ ደልበርትን እያየ እንዲህ አለ፦

«ይህንን፣ በሰፊ ጫማዋ ሰው እንዳይስቅባት ብዬ፣ ፖሊስ ሳይደርስ ከጫማዋ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።»