የአውቶቡስ ጠሪው ድምፅ

«እስቲ አስታውሺ አክስቴ፣ የቱን ነበር የተጫንሽው? "እሺ" የሚለውን ነው ወይስ "ይቅር" የሚለውን?»

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ደረቷ ላይ ትሰካለች። «እኔ ምን አውቄ? ድንገት ብቅ አለብኝ። ከፊቴ ዞር ይበልልኝ ብዬ አንዱን ተጫንኩት።»

የባሏ የእህት ልጅ፣ በኮምፒውተር ሥራ የምትተዳደረው፣ ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ትስባለች።

ባሏ ከመሀላቸው ተቀምጧል። ዕድሜውን ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያ መነሻና መድረሻ ሲጠራ የኖረ ሰው ነው፤ የከተማው ሰው «መለከት» ያለው በከንቱ አይደለም። ጉሮሮውን ታሞ ሐኪሞቹ ማንቁርቱን እናወጣለን ሲሉ፣ ይህችው የእህቱ ልጅ ወር ሙሉ እያስነበበች ድምፁን ቀዳችው። ማንቁርቱ ከወጣ ወዲህ እሱ ይጽፋል፣ ኮምፒውተሩ በገዛ ድምፁ ያነብለታል። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ሁለት መስመር አውጥቶ የቱን ልክፈት ይል ነበር፤ አንዱ ዊንዶውስ ነው፣ የሚስቲቱ የካርታ ጨዋታ ያለበት፤ ሌላው ሊኑክስ፣ ድምፁ ያለበት።

ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ ቤት ስታጸዳ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ አቧራ የጠጣች ፍላሽ አግኝታ ነቀለች። ለፎቶ ቤቱ ሰውዬ ሰጠቻት፤ እሱም የነበረባትን አጥፍቶ የልጃቸውን የሰርግ ፎቶ ሞላባት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩ መጠየቁን ትቶ ቀጥ ብሎ ካርታው ጋ ይገባል፤ ሊኑክስ የሚባል ነገር እዚህ ቤት ኖሮ የማያውቅ ይመስል። ይባስ ብሎ «ይህ የዲስክ ክፍል አይነበብም፤ ላጽዳው?» የሚል ጽሑፍ መጣ። የተጫነችው ያኔ ነው።

«ምነው ያን ጊዜ እጄን በሰበረው» ትላለች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» ትላለች የእህቱ ልጅ፣ የራሷን ፍላሽ እየሰካች። «ኮምፒውተር ሲነቃ ምንም አያውቅም። ማን የት እንዳለ የሚነግረው ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ ቡትሎደር ይባላል። ዲስኩ ላይ መጫን ሲገባኝ ቸኩዬ አንቺ የነቀልሻት ፍላሽ ላይ ጭኜው ኖሯል። አንቺ ደግሞ አቧራ ስለማትነኪ ይኸው እስከዛሬ ሳይታወቅብኝ ቀረ።»

«ባጸዳም ተወቀስኩ፣ ባላጸዳም ተወቀስኩ!»

መለከት ከጭኑ ላይ ትንሿን ሰሌዳ አንስቶ ይጽፍና ያሳያቸዋል። «አውቶቡሱ ቆሟል፤ ጠሪው ነው የሌለው።»

«ልክ ነህ አጎቴ። አውቶቡሱ ካለ ነው እንግዲህ።»

ኮምፒውተሩ ከአዲሷ ፍላሽ ላይ ይነሳል። የእህቱ ልጅ ስክሪኑ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ከፍታ መጻፍ ትጀምራለች። ልብስ ሰፊዋ የባሏን ፊት ለማየት ድፍረት ታጣለች። ስንቴ ነው «እዚህ መናኸሪያ አይደለም፣ ድምፅህን ቀንስ» ያለችው? በእራት ላይ ብላዋለች፣ በእንግዳ ፊት ብላዋለች። ይኸው ቀነሰላት።

«አክስቴ፣ ነይ እይ።»

ስክሪኑ ላይ የፋይል ስም ይወርዳል። እያንዳንዱን ቅጂ በመጀመሪያ ቃላቱ ነበር የሰየሙት። «ደህና አደርሽ» ይላል አንዱ። «ውሃ ስጪኝ»፣ «በሩ ላይ ማነው»፣ «ጫማዬን አየሽው»። ዝርዝሩ ወርዶ ወርዶ አያልቅም። ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ትይዛለች። ከእሷ የመቀስ ማስቀመጫ በማትበልጥ ነገር ውስጥ፣ ሰውዬው ሙሉውን፣ አንድ ቃል ሳይጎድል ተቀምጦ ኖሯል። እሷ እላዩ ላይ ካርታ ስትጫወት እሱ እዚያው ነበር።

«"ይቅር" የሚለውን ነው የተጫንሽው» ትላለች የእህቱ ልጅ።

አስቀድማ ሁሉንም ገልብጣ ቅጂ ትይዛለች። ከዚያ ቡትሎደሩን የምትጭንበትን ቦታ መጻፍ ትጀምራለች። «ኤ የሚለው ዲስኩ ነው፣ ቢ የሚለው ፍላሿ» እያለች ሳለ ጣቷ ቢ ላይ ያርፋል። መለከት ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። እሷም ደንግጣ ታያለች፣ ሳቋ ያመልጣታል፣ አጥፍታ ኤ ትጽፋለች።

ኮምፒውተሩን አጥፍታ ፍላሿን ትነቅላለች። መልሳ ታበራዋለች። ስክሪኑ ይጠቁርና ጥቁር እንደሆነ ይቆያል።

ሁለት መስመር ይመጣል።

«ካርታሽም አለልሽ።»

«ካርታው ይቃጠል» ትላለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን ከታችኛው መስመር ሳትነቅል።

መለከት ራሱ ይጫነዋል። ሲከፈትለት እጁን አፍታቶ፣ ፊደል በፊደል፣ ሳይቸኩል ይጽፋል። ከዚያ ያ ድምፅ፣ ወፍራሙ፣ ከሆድ የሚወጣው፣ ክፍሉን ይሞላዋል።

«ከእንግዲህ የዚህን ኮምፒውተር አቧራ እንዳትነኪ።»

ልብስ ሰፊዋ ልትስቅ ትሞክራለች፤ እንባዋ ይቀድማታል። ልትመልስለት የምትችለው ሞልቶ ነበር፤ ነገር ከእሷ ጠፍቶ አያውቅም። «ሌላ» ብቻ ትለዋለች። «ሌላ ተናገር።»

ያያታል። የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ እስከመጨረሻው ያዞርና እንደገና ይጽፋል።

«ወደ ሐይቁ ዳር የምትሄዱ መንገደኞች! አውቶቡሱ ሊነሳ ነው፤ ቶሎ ቶሎ በሉ!»

የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። የእህቱ ልጅ ድምፁን ልትቀንስ እጇን ስትሰድ ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ትይዛታለች።

«ተይው፣ አትቀንሺበት።»

ከመስኮቱ በታች፣ መንገዱ ዳር፣ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ያለ አንድ ሽማግሌ ከተቀመጠበት ብድግ ይላል። ሻንጣውን ትከሻው ላይ ያደርግና፣ አውቶቡሱን ፍለጋ ግራና ቀኝ ያያል።