የቶሪካ ድርሻ

«ከዚያኛው ቁረጪልኝ አልኩሽ እኮ! ሰፊው እያለ ቀበቶ የሚያህል ቅጠል ታሸክሚኛለሽ?»

«አንቺ ሌባ፣ ገና ከጀልባ ሳትወርጂ ዓይንሽ እዚያ ላይ ነበር» አለች ኡናይሲ። ገጀራውን ግን አላነሳችም።

ቶሪካ ሳቀች። ጎሳዎቻቸው ከጥንት ጀምሮ ታውቩ ናቸው፤ ቢሰዳደቡ አይቀያየሙም፣ አንዷ የሌላዋን ንብረት ከጠየቀችም እምቢ አይባልም። ቶሪካ ለልጇ ሠርግ የምትሠራው ሰሌን ቮይቮይ ከሚባለው እሾሃማ ተክል ሰፊ ቅጠል ይፈልጋል፤ ጀልባዋ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ወደ ማዶ ደሴት ትመለሳለች። ሰፊ ቅጠል ያለው ደኑ ጥግ ላይ፣ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለው ቮይቮይ ብቻ ነው።

«ምን ደብቀሽበታል? ባልሽን?»

«እንቁራሪት» አለች ኡናይሲ እያፈረች።

«ለእንቁራሪት ብለሽ እኔን ትከለክዪኛለሽ?» አሁን ድምጿ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ገጀራውን ከኡናይሲ እጅ ወስዳ ወደ ተክሉ ሄደች።

ኡናይሲ ልታስቆማት አትችልም። ተከተለቻትና እሾሁ እየቧጨራት የታችኞቹን ቅጠሎች ገለል አደረገች። «ከመቁረጥሽ በፊት እዪ።»

ቅጠሎቹ ከግንዱ በሚጋጠሙበት ስርጉድ ውስጥ፣ አተር የሚያካክሉ እንቁላሎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ልባሳቸው እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ እግሯን ያጠፈች እንቁራሪት ትታያለች።

«ጭራ የላቸውም» አለች ቶሪካ ጎንበስ ብላ። «ውሃ ውስጥ ሳይዋኙ?»

«እዚህ ኩሬ የት አለና? ሃያ ስድስት ቀናቸው ነው። በየማለዳው እየመጣሁ አያቸዋለሁ።»

አንዱ እንቁላል ተንቀሳቀሰና ተቀደደ። ምስር የምታክል እንቁራሪት ወጣች፤ አራት እግር፣ ጣቶቿ ጫፋቸው ድብልብል፣ ምንም አልጎደላትም። ደኑን ድሮ የምታውቀው ይመስል ተረጋግታ ተቀመጠች። ቶሪካ ትንፋሿ እንዳይገፋት አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

ቀና አለች። «ስሚ ታውቩ፣ ይህን ተክል ጠይቄሻለሁ።»

ኡናይሲ ቅጠሎቹን ለቀቀች። «ውሰጂው» አለች።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የኔ ነው፤ በላዩ ያለው ሁሉ የኔ ነው። ባልሽም ይሁን አማትሽ አንዲት ቅጠል ቢነካ የሰረቀው ከኔ ነው። ንገሪያቸው።» ገጀራውን በእጀታው በኩል መለሰችላት። «በይ አሁን ቀበቶሽን ቁረጪልኝ።»

«በዚህ ቅጠል የሚሠራ ሰሌን ለድመት መኝታም አይበቃም።»

«ግድ የለሽም፣ ሙሽራዋ እንዳንቺ አልሰፋችም!»

ኡናይሲ እየሳቀች መቁረጥ ጀመረች። ከኋላቸው ትንሿ እንቁራሪት በእሾሆቹ መካከል እየተራመደች ቅጠሉን ጨረሰች፤ አረንጓዴ የዛፍ ሽበት ወደለበሰው ግንድ ዘለለች፣ ከአረንጓዴው ጋር አረንጓዴ ሆነች።