ሳይበራ የኖረ ስክሪን

እጸገነት ላፕቶፑን ወደ መስኮቱ አዙራ ቁልፎቹን ነካካች። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ከውስጡ ግን አንድ ችኩል የወንድ ድምፅ የነካችውን ቁልፍ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይጠራል።

«ጋሼ፣ ማለቴ... ስክሪኑ ይሠራል?»

ዋቅጋሪ ከት ብሎ ሳቀ። «እሱንስ አንቺ ንገሪኝ። ሰባት ዓመት ስይዘው አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ባትሪ እንዳይጨርስ ብርሃኑን ዜሮ አድርጌ ነው የምሠራበት።»

እሷም ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ መሳቋ አሳፈራት። ዋቅጋሪ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ላፕቶፕ ስለሰጠው ይሄኛውን ሊሸጥ ማስታወቂያ አወጣ፤ እሷም ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አድራሻውን ጠይቃ ላንቻ ድረስ መጣች። ካዛንቺስ ማመልከቻ እየጻፈች ትተዳደርባት የነበረችው ክፍል ፈርሳለች። ከሰኞ ጀምሮ ወሎ ሰፈር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ፣ በራሷ ማሽን ልትሠራ ነው። የምትጽፍበት የአማርኛ ፕሮግራም ግን ዊንዶውስ ካልሆነ አይከፈትም።

«አይዞሽ፣ ሲገዛ ዊንዶውስ ነበር» አለ ዋቅጋሪ። «ይሄን ስክሪኑን እያነበበ የሚናገረውን ሊኑክስ ጓደኛዬ ነጋሳ ነው የጫነልኝ። የፋብሪካው ዊንዶውስ ዲስኩ ውስጥ ተደብቆ ተቀምጧል፤ አንድ ቁልፍ ይዘን ስናስነሳው ይመለሳል። ችግሩ፣ እዚያ ጋ ሲደርስ አይናገርም። ዓይን አንቺ ትሆኚኛለሽ።»

እጸገነት የስክሪኑን ብርሃን ከፍ አደረገች። «ውይ!» አለች።

«ምነው? ተሰንጥቋል?»

«ኧረ አዲስ ነው። ፎቶ አለበት። አንዲት እናት ናቸው፤ ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። የፊት ጥርሳቸው መሀል ክፍተት አለ።»

ዋቅጋሪ ክፍተቱን አወቀው። እናቱ «ሰ» ስትል በጥርሷ መሀል ታፏጭ ነበር። ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት።

«ነጋሳ ነው የሚሆነው ያደረገው» አለ ቀስ ብሎ። «ለቅሶዋ ላይ ግን አልመጣም። ቀብር አልደረሰ፣ ሠልስት አልደረሰ። ከአርባዋ በኋላ ደወለ፤ አላነሳሁለትም። በቃ፣ በዚያው ቀረን።»

«ፎቶውን ላስቀርልዎት?»

«ለእኔ ፎቶ ምን ያደርግልኛል? ይጥፋ።»

ላፕቶፑን ዘጋና እንደገና አስነሳው። ያ ችኩል ድምፅ «ስክሪን ሪደር ኦፍ» ብሎ ጸጥ ሲል ከታች የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ጎልቶ ተሰማ። ዋቅጋሪ ቁልፉን በጣቱ ተጭኖ ያዘ፤ እጸገነት ጎንበስ ብላ የወጣላትን ታነብለት ጀመር።

«ሪ... ሪከቨሪ ይላል። ይቅርታ ጋሼ፣ እንግሊዝኛዬ ቀርፋፋ ነው።»

«መመለሻው ነው፣ ግድ የለም። ያኛው ድምፅ ሲንጣጣ ነው የኖረው፤ ያንቺ ይሻላል።»

አንድ ገጽ አለፉ፣ ሌላ ገጽ አለፉ። «አሁን ደግሞ... ሪሙቭ... ኤቭሪቲንግ።»

«ሁሉንም አጥፋ ማለት ነው። እሺ በ...» ቃሉን ሳይጨርስ ቆመ። «ቆይ እስቲ። በሩ ምን ዓይነት ነበር?»

«የቱ በር?»

«ፎቶው ላይ፣ ከእናቴ ኋላ ያለው።»

እጸገነት ዓይኗን ጨፍና አስታወሰች። «ሰማያዊ። ገና የተቀባ ነው መሰለኝ። አዎ፣ እግራቸው ሥር የቀለም ጣሳና ብሩሽ ነበር።»

ዋቅጋሪ ወንበሩን ተደገፈ። ከመሞቷ በፊት በነበረው ክረምት እናቱ ከወሊሶ ደውላ «ልጄ መጥቶ በሩን ሰማያዊ ቀባልኝ» ብላው ነበር። ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም፤ እሱ ደግሞ ያን ክረምት ሥራ በዝቶበት ወሊሶን አልረገጣትም። እርጅና ነው፣ መዘበራረቅ ጀምራለች ብሎ አዘነና «እሰይ» ብሏት አለፈ። አልተዘበራረቀችም ነበር ለካ። ነጋሳ ብቻውን ሄዶ፣ ቀብቶላት፣ ለእሱ ትንፍሽ አላለም።

«አቋርጪው» አለ። «ወደ ነበረበት መልሺውና ፎቶውን በስልክሽ አንሺልኝ።»

ላፕቶፑ እንደገና ተነሳ። ፎቶው ሲወጣ እጸገነት ስልኳን አነጣጠረች፤ ነጸብራቁ ቢያስቸግራት መጋረጃውን ስባ ደግማ አነሳች።

«ለማን ልላከው?»

ዋቅጋሪ አፉን ሲከፍት ሦስት ዓመት ሙሉ ያልደወለበት የነጋሳ ቁጥር አንድም ሳይሳሳት ወጣ።

«ምን ብዬ ልጻፍበት?»

እጸገነት አልቸኮለችም፤ አቤቱታ የሚያስጽፍ ሰው መጀመሪያው ላይ ቃል እንደሚያጥረው ታውቃለች።

«‹ለቅሶ ያልመጣህበትን ምክንያት ጠይቄህ አላውቅም› በዪ።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«‹አሁን እየጠየቅኩህ ነው።› ስሜን ጻፊበት።»

ላከችው። ከዚያ ላፕቶፑን እንደገና አጠፉት፤ እንደገና ቁልፉን ያዘ፤ እሷም ያንኑ መስመር አነበበችለት፤ አሁን አልተንተባተበችም።

«እሺ በይው» አለ ዋቅጋሪ።

ማጥፋቱ ተጀመረ። እጸገነት የሚወጣውን መቶኛ ትቆጥርለታለች፤ አራት፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ላይ ቆመ፣ አሥራ ሰባት። ሠላሳ አንድ ስትል ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ።

«ያ ቁጥር ነው» አለች።

ዋቅጋሪ መዳፉን ዘረጋ። ጥሪውን ከፍታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት፤ ወደ ጆሮው አስጠጋው። ከወዲያ በኩል ነጋሳ ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ።