ምርቃት ፍለጋ

«ኧረ ለጠበል አይደለም የመጣሁት፤ ለልጄ ሰርግ የባሕታዊውን ምርቃት ፈልጌ ነው» አለች ሴትዮዋ፣ አስጎብኚው ወደ ጠበሉ ሲመራት። እሱ ግን መቼ ሰምቷት። ምሰሶ ባየ ቁጥር የአንድ ንጉሥ ስም እየጠራ፣ ከዓለት የተፈለፈለውን ቤተ መቅደስ ሁሉ አዙሮ አሳይቶ በመጨረሻ ከዋሻው ደጅ አደረሳት።

ባሕታዊው ቀና ብለው አዩዋትና ቆባቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

ሴትዮዋ ተንበረከከች። «ልወቅስህ አልመጣሁም። በእቅፍ ትተሃት የሄድካት ልጃችን ለዳግማይ ትንሣኤ ትዳራለች። ‹አባቴ ይመርቀኝ› ብላ ነው፤ አንድ ቃል በል።»

ባሕታዊው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አስጎብኚው አፍሮ ጎንበስ አለላት። «አይቀየሙ እትዬ፤ አባ ‹ዓለም በቃኝ› ብለው ከመነኑ ወዲህ ከሰው አይነጋገሩም።»

ሴትዮዋ ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች።

«ከዚያ በፊትስ መቼ ይነጋገሩ ነበር።»