የዛሬ ጠዋቷ ገጽ

«እንዝርቱ ሲሞላ አንድ መስመር፤ ሌላው ሲሞላ ሌላ መስመር» አሉ እትዬ ወርቂቱ አንብበው ሲጨርሱ። «በሁለት ወር ይኸው ደብተሩ አለቀ።»

ጁስ ቤቱ ጓሮ፣ ማንጎው ሥር፣ ስድስት ሆነን ተቀምጠናል። ዳግም የሚባለው ወጣት ቀድሞ አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

እኔም አጨበጨብኩ። ፊቴ ግን ጋለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለጽሑፍ ቡድናችን የማስተምረው ሌላ ነበር፦ ጎሕ ሲቀድ ተነሡ፣ የኩልፎ ወንዝ ድልድይ በእግር ደርሳችሁ ተመለሱ፣ ስልክ ሳትነኩ አንድ ገጽ ጻፉ፤ ጭንቀት ሲራመዱበት ይለቃል። እትዬ ወርቂቱ ያኔ «ልጄ፣ እኔ ጠዋት ጥጥ እፈትላለሁ፤ ዶርዜ ያለው ሸማኔ ወንድሜ ማግ ይጠብቃል» ቢሉኝ፣ «እንግዲያው እንዝርትዎ በሞላ ቁጥር አንድ መስመር ይጻፉዋ!» ብዬ ሁሉንም በሳቅ አንከተከትኳቸው። እሳቸው አልሳቁም። ጻፉ።

«ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም ነበር» አሉ አሁን ወደ እኔ ዞረው። «ዛሬ ዶሮ ሲጮኽ ነው የነቃሁት። አንቺ ያዘዝሽኝ ነው የሠራው። እግዜር ይስጥሽ።»

«ኧረ ምንም አይደል» አልኩ ወደ መሬት እያየሁ።

«እስኪ የአስተማሪያችንንም እንስማ!» አለ ዳግም። ዲግሪውን ይዞ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጓል፤ ከአሥረኛ ክፍል የቀረሁት እኔ ሳስተምረው አይዋጥለትም። «የዛሬ ጠዋቷን ገጽ። ወይስ ድልድዩ ተዘግቶ ነበር?»

«የሚዘጋውስ ላንተ ነው፤ እስከ አራት ሰዓት ለምትተኛው።»

ሳቁ። ምላሴ አልደነዘዘም።

የደነዘዘው እጄ ነው። ከጥቅምት ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ድልድዩንም ካየሁት ከርሜያለሁ። ጠዋት ጠዋት አንሶላዬን ተከናንቤ ስልኬን ስነካካ ይረፍዳል። ደብተሬ ላይ የምጽፈው ቀኑን ብቻ ነው።

ገለጥኩት። ከላይ ቀኑ፣ ከሥሩ ባዶ። ጉሮሮዬን ጠረግኩና ከጭንቅላቴ እያወጣሁ «ማንበብ» ጀመርኩ። ሙዝ የጫነ ጋሪ፣ የረጠበ መንገድ፣ ፊቱን ያልታጠበ ሰማይ። ዓይኔን ከመስመር መስመር አስኬድኩት፤ እንዲያውም አንድ ቦታ የገዛ ጽሕፈቴ ያልተነበበልኝ መስዬ ጎንበስ አልኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ዕድላዊት ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ዳግም እንኳ አገጩን በእጁ ደግፏል። ደስ አለኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ነኝ!

እትዬ ወርቂቱ አጠገቤ መቀመጣቸውን ረስቼው ነበር። አግዳሚው አንድ ነው፤ ትከሻችን ተነካክቷል። ዓይናቸው ደብተሬ ላይ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ።

«ንባቤን» አቋረጥኩ።

ዳግም ቀና አለ። «ቆይ፣ አንዷ ገጽ ይህን ሁሉ ያዘች? አንዴም ሳትገልጪ?»

የእትዬ ወርቂቱ እጅ መጣ። ክር ያለሰለሰው አውራ ጣታቸው የወረቀቱን ጫፍ ያዘ፤ ባዶውን ገጽ ቀስ ብለው ገለጡና ሌላውን ባዶ ገጽ በመዳፋቸው ደለደሉልኝ።

«ቀጥዪ ልጄ» አሉ፣ ነጩ ወረቀት ላይ ጣታቸውን አስቀምጠው። «እዚህ ጋ ነሽ።»