ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ሦስት እሽጎች

አቶ ደርበው ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቁ የሚመጡት ሽማግሌዎች ሳይገቡ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሦስት ባዶ የመድኃኒት እሽጎች በጨርቅ ወለወሏቸው። ጎረቤት ሁሉ «ዛሬ እንኳ ይደብቋቸው» ብሎ መክሯቸው ነበር። አሁንም የሚሠራው ብቸኛ አንቲባዮቲክ ለአንድ ሰው በዕድሜው አንዴ ብቻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ሴት ልጅ ስትጠየቅ እሽጓ አለመከፈቱም አብሮ ይጠየቃል።

ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ «ልጅዎን ምንትዋብን ለልጃችን ስጡን» አሉ። አንደኛው ግን ግድግዳውን አይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የልጅቷ የትኛው ነው? ሦስቱም ተቀደዋል እኮ።»

«ሦስቱም የሷ ናቸው» አሉ አቶ ደርበው ደረታቸውን ነፍተው። «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እየተመላለሰ ወደ ኩላሊቷ ዘልቆ ነበር። መጀመሪያ የራሷን ዋጠች፤ ሲያገረሽባት የእናቷን፣ ቀጥሎ የኔን። ዛሬ ትኩሳት ቢይዘኝ የምውጠው የለኝም። ልጄ ግን ይኸው ጓዳ ቆማ ትሰማኛለች።»

አቶ ደርበው ወደ ሽማግሌዎቹ ቀረብ አሉ።

«እኔም ልጠይቃችሁ። ነገ ቢያገረሽባት ልጃችሁ የሱን ይቀድላታል?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በወጉ ቀጠሮ የሚሰጠው የሴት ወገን ነው፤ ሽማግሌ ይመላለሳል። የዚያን ቀን ግን «ልጁን ጠይቀን እንመለስ» ብለው ቀጠሮ የለመኑት ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ነበሩ።